ፕላስ ሦስት፦ የአንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጉዳይ

መነሻ

ኦፕቶሜትሪስት ነኝ። ሰዉ «የመነጽር ዶክተር» ይለናል። ዶክተር አይደለንም፤ ግን ሁሌ ማስረዳቱ ስለሚያደክም ዝም ብለን እንቀበላለን። ሥራዬ ዓይን መለካትና መነጽር ማዘዝ ነው። ከመነጽር በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም እልካለሁ።

ይህን ጉዳይ የምጽፈው አንድ ቃል ስላናደደኝ ነው። ቃሉ «እርጅና» ነው። ሰውየው እኔ ጋ ሲመጡ ይህንኑ ቃል ከአራት ሰው ሰምተው ነበር፦ ከልጃቸው፣ ከጎረቤታቸው፣ ከሚያስረክቡት ነጋዴ፣ ይባስ ብሎም ከአንድ የጤና ባለሙያ። ቃሉ ውሸት አይደለም። ችግሩ፣ ቃሉ ከተባለ በኋላ ማንም ሌላ ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። «እርጅና ነው» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል።

ስማቸውን አልጽፍም። እዚህ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንደዚያው ነው። እንድጽፈው ፈቅደዋል።

ሰውየውና ሥራው

ጋሼ መጀመሪያ ሲመጡ 63 ዓመታቸው ነበር። የጋሞ ደጋ ሰው ናቸው። ሽመናን የተማሩት ከአባታቸው ነው። አዲስ አበባ የመጡት ገና ጢም ሳያበቅሉ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከሽሮ ሜዳና ከእንጦጦ ሥር ርቀው ኖረው አያውቁም። ባለቤታቸው ይፈትላሉ። ሁለተኛው ልጃቸው ሸማኔ ነው፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ይሠራል። ሴት ልጃቸው ዱባይ ናት።

የባህል ሽመናን ቁጭ ብሎ ላላየ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ሸማኔው መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ይቀመጣል። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መርገጫዎቹን ይረግጣል። ድሩ ከፊቱ ተወጥሯል። መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ይቀበላል። የተሸመነው ጨርቅ ሆዱ ሥር ይጠቀለላል። ጋቢ ከሆነ ሥራው የጉልበትና የምት ነው፤ የለመደ ሰው በድንግዝግዝም ይሠራዋል። ጥለት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድሩን በጣት እያነሱ፣ ክር እየቆጠሩ፣ ባለ ቀለሙን ክር መሃል ለመሃል ማስገባት ነው። አንድ ክር ከተሳተ መስቀሉ ይጣመማል። ደህና ገንዘብ ያለውም እዚያው ጥለቱ ላይ ነው።

ጋሼ የሚታወቁት በጥለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለጉዳዩ ወሳኝ ስለሆነ። የመንግሥት ሠራተኛም ሆነ የግል ድርጅት ተቀጣሪ በመደበኛው 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ጋሼ ቀጣሪ ኖሯቸው አያውቅም። ስለዚህ ጡረታ የሚያወጣቸውም የለም፣ ጡረታ የሚከፍላቸውም የለም። «መቼ ያቆማሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም ነበር።

የተመለሰው ጥለት

ኅዳር 2015 ላይ ነው። ለገናና ለጥምቀት ገበያው መሟሟቅ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ጋሼ የሦስት ቀሚስ ጥለት ጨርሰው ለነጋዴው ወሰዱ። ነጋዴው ጨርቁን ይዞ ወደ ደጅ ወጣና ፀሐይ ላይ ዘረጋው። መስቀሉ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ድፍን ሰማያዊ ነበር። ጋሼ ሁለት የተለያየ ጥቅል ክር አንድ ነው ብለው ሠርተውታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ጥቁር ነዋ!»

ነጋዴው ሳቀ። በክፋት አይመስለኝም። ከዚያ «አሁን እንኳ ጋቢ ጋቢውን ቢሠሩ አይሻልም? እርጅናም አለ እኮ» አላቸው። ሦስቱንም መለሰባቸው። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አልተናገሩም። ስለ ሳቁ ግን ሁለት ጊዜ ነገሩኝ።

ጥለቱ ዝም ብሎ በአንድ ቀን አልተበላሸም። ቀደም ብሎ ምልክት ነበረው። በ4 ቀን ያልቅ የነበረ ሥራ 7 ቀን ይፈጅ ጀምሯል። ማታ መሥራት ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ማጅራታቸውንና ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ራስ ምታት አለ። ከጉድጓዱ ሲወጡ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ ይጎትታቸዋል። ልጁ «አባቴ ይብቃህ፤ እኔ አለሁ» ይላል። መልካም ልጅ ነው። የራሱ ሦስት ልጆች ግን አሉት፤ የአንድ ሰው ሽመና ሁለት ቤት እንደማይችል እሱም ያውቀዋል።

የጋሼ የራሳቸው ትርጓሜ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። «እጄ ከዳኝ» ነበር የሚሉት። እኔ ጋ የመጡት ለዓይናቸው እንኳ አልነበረም። ባለቤታቸው ለራስ ምታቱ መነጽር ይለወጥ ብለው ጎትተው አመጧቸው።

ምርመራው

ኪሳቸው ውስጥ መነጽር ነበር። ከመንገድ አዟሪ የተገዛ፣ አንድ እግሩ በክር የታሰረ። ለካሁት፤ ፕላስ 3 ነው። ለምን ይህን እንደመረጡ ጠየቅኳቸው። «ከሁሉም አጉልቶ የሚያሳየው እሱ ነው» አሉ። ሻጩ ጋዜጣ ሰጥቷቸው፣ ፊደሉ የተለቀበትን መርጠዋል። ማንኛችንም ብንሆን እንደዚያው እናደርጋለን።

ያገኘሁት ይህ ነው። ቀኝ ዓይናቸው ሩቅ ደህና ያያል፤ በሰንጠረዡ 6/9 ነው። ጀማሪ ሞራ ይታይበታል። ግራ ዓይናቸው 6/60 ነው፣ ጤነኛ ዓይን በ60 ሜትር የሚያየውን በ6 ሜትር ነው የሚያየው፤ ሞራው ወፍሮ ወደ ቡናማ ሄዷል። የዓይን ውስጥ ግፊት ለካን፣ ደህና ነው፤ የግላኮማ፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳው በሽታ፣ ምልክት አላየንም። በሁለቱም ዓይን ደግሞ ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሁላችንንም የሚያገኘን የቅርብ እይታ ድካም አለ። የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር ይጠነክራል፤ ቅርብ ለማየት መለጠጥና መሰብሰቡ ይቀራል። በ60ዎቹ ይህ ችሎታ አለ ለማለት አይቻልም።

እጃቸውንም አየሁት። ጥርት ያለ እጅ ነው። አይንቀጠቀጥም። መርፌ ሰጥቼ፣ በትክክለኛው መነጽር፣ ክር አስገቡ አልኳቸው። በአንዴ አስገቡት። ቀና ብለው አዩኝና መርፌውን ለባለቤታቸው አሳዩ። እጅ አልከዳም።

የቀለሙ ነገርም እዚህ ተፈታ። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ ሞራ ሲይዘው ደግሞ ይብሳል። ቢጫ መስታወት መጀመሪያ የሚያጠፋው ሰማያዊን ነው። በዚያ መስታወት ድፍን ሰማያዊና ጥቁር አንድ ናቸው። የተመለሰው ጥለት ችግር የጥንቃቄ ጉድለት አልነበረም።

ግራ ዓይናቸውን ለሞራ ቀዶ ጥገና ወደ ሆስፒታል ጻፍኩ። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ የተለመደውን ሠርቼ ነበር። የመለሰኝ ባለቤታቸው የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ «መነጽሩን ሲያደርግ እንደ ዶሮ ጎንበስ ይላል።»

በሜትር የተለካው ርቀት

ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ሜትር ይዤ ነበር፣ የልብስ ሰፊ ሜትር።

ባለ ፕላስ 3 መነጽራቸውን አድርገው እንዲሠሩ ጠየቅኳቸው። አንገታቸውን ወደፊት ቀብረው፣ ወገባቸውን አጥፈው ጨርቁ ላይ ተደፉ። ከዓይን እስከ ጥለቱ ለካሁ፤ 34 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ መነጽሩን አውልቀው፣ ስለ ማየት ሳያስቡ ዝም ብለው በልምድ እንዲቀመጡ አልኩ። ጀርባቸው ቀና አለ። ለካሁ፤ 58።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሩቁን ያለ መነጽር ደህና የሚያይ፣ ቅርቡ ግን የደከመበት ሰው በንባብ መነጽር አጥርቶ የሚያየው ርቀት አንድ ሜትር ለመነጽሩ ቁጥር ሲካፈል ነው። በፕላስ 3 ሠላሳ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በፕላስ 2 ሃምሳ። በፕላስ 1.50 ስድሳ ሰባት። መነጽሩ ከ33 ሳንቲ ሜትር ውጭ ስለማያሳያቸው ጋሼ ራሳቸውን ወደ 33 ሳንቲ ሜትር ይወስዳሉ። በቀን 9 ሰዓት። የማጅራቱ፣ የወገቡና የራስ ምታቱ አንድ ትልቅ ድርሻ ከዚያ ከአዟሪው መነጽር ነው የመጣው። እርጅና የተባለው ግማሹ የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጬ አላገኘውም ነበር። እኛ የምንለካው መጽሐፍ በሚያዝበት ርቀት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ሸማኔ መጽሐፍ አይሸምንም።

ሌላ ያየሁት ብርሃኑን ነው። ቤቱ አንድ በርና አንድ ትንሽ መስኮት አለው። አምፖሉ ከጀርባቸው፣ ጣሪያው መሃል ላይ ነው የተሰቀለው። የራሳቸው ጥላ ጥለቱ ላይ ያርፋል። የ60 ዓመት ሰው የዓይኑ ብሌን ይጠብባል፣ ሌንሱም ይደፈርሳል። ከዓይኑ ጀርባ ላለው መጋረጃ (ሬቲና) የሚደርሰው ብርሃን 20 ዓመት ሳለ ይደርስ ከነበረው ሲሶ ገደማ ነው። ለልጁ የሚበቃ አምፖል ለአባቱ ጨለማ የሚሆነው ለዚህ ነው። ልጁ «እኔ ይታየኛል እኮ» ሲል ነበር። እውነቱን ነው።

መነጽሩ፣ አምፖሉና ወንበሩ

መጀመሪያ ፕላስ 1.75 ሰጠኋቸው። ለ58 ሳንቲ ሜትር የሚገጥመው እሱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ተመለሱ። ጥለቱ ጥሩ ይታያል፤ ነገር ግን ድር ሲበጠስ ለመቀጠል ወደፊት ሲዘረጉ፣ 80 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ይደበዝዛል። ይህን እኔ አልለካሁትም ነበር። ጥለቱን ብቻ ለክቼ ነው የመጣሁት። ወደ 1.50 ዝቅ አደረግኩት። ጥለቱ ትንሽ ጥራት ይቀንሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አምፖሉ ሲስተካከል ግን ሁለቱም ታየ። ብርሃን ሲጨምር ብሌን ይጠብባል፤ ብሌን ሲጠብ አጥርቶ የሚታየው ርቀት ይሰፋል። ብርሃንና መነጽር ተለያይተው የሚሠሩ ነገሮች አይደሉም።

አምፖሉን ልጁ ነው ያዛወረው። በግራ ትከሻቸው በኩል፣ ከዓይናቸው ከፍ ብሎ፣ ነጭ ኤል ኢ ዲ። ወጪው ገመዱና አምፖሉ ብቻ ነው። ከሁሉም ፈጥኖ የሠራው ይህ ነው፤ በዚያው ቀን።

የክሩን ነገር የልጅ ልጃቸው ፈታችው። የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ክሮቹን በየቀለማቸው በየጣሳው ትለያለች። የጥቁሩ ጣሳ ክዳን አለው፣ የሰማያዊው የለውም። ጋሼ በእጃቸው ዳስሰው ያውቁታል። ይህን ማንም አላዘዛትም።

ያልሠራውም ብዙ ነው። ዱባይ ያለችው ልጃቸው ነገሩን ሰምታ ውድ መነጽር ላከች። ፕሮግረሲቭ የሚባለው ነው፣ ከላይ ሩቅ፣ ከታች ቅርብ የሚያሳይ። የደሞዟን ስንት እጅ እንደወሰደ መገመት አያቅትም። ለቢሮ ሰው ጥሩ መነጽር ነው። ለሸማኔ ግን የማይሆን ነው። ቅርቡን የሚያሳየው ክፍል ከታች ያለ ጠባብ መስኮት ነው፤ ወደ ጎን ሲያዩበት ይዋዥቃል። የጋሼ ዓይን ደግሞ መወርወሪያውን ተከትሎ ቀኑን ሙሉ ከጎን ወደ ጎን ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን አዞራቸው። ልጃቸው እንዳታዝን በቪዲዮ ስትደውል ያደርጉታል፤ ቤተ ክርስቲያንም አድርገውት ይሄዳሉ። ያም አንድ ጥቅም ነው።

መደገፊያ ያለው መቀመጫም አሠራን። አናጺ ጋ ሄደን፣ ሳንቃ አስቆርጠን። የኔ ሐሳብ ነበር። ጋሼ ሲወረውሩ ክርናቸው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መደገፊያው ይመታቸዋል። አሁን ዶሮ ያድርበታል። ከዚያ ይልቅ የረዳቸው ጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጠ አንድ የእንጨት ደረጃና ግድግዳው ላይ የተመታ መያዣ ነው። በሱ ይዘው ራሳቸው ይወጣሉ። «በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ይረፉ» ብዬም ነበር። በየትኛው ሰዓት? ሰዓት አያዩም። ቀሰም፣ ማለትም መወርወሪያው ውስጥ ያለው የክር ጥቅል፣ ባለቀ ቁጥር ቀና ብለው በበሩ ሩቅ እንዲያዩ ስንስማማ ግን ያዘላቸው። ቀሰም ማለቁ አይቀርማ።

የተቀጠረው ቀዶ ጥገና

የሞራው ቀዶ ጥገና ለታኅሣሥ ተቀጠረ። በዕለቱ ደም ግፊታቸው ሲለካ 180/105 ሆነ። መለሷቸው። ልክ ነው የመለሷቸው።

ግፊት እንዳለባቸው ከዚያ በፊት ተነግሯቸዋል፤ ኪኒንም ታዞላቸው ነበር። ለእኔ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ኪኒኑ የሚያሸና ነው። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ነው። በየሰዓቱ ከጉድጓድ መውጣት፣ ጉልበት ማንቋቋት፣ ሥራ ማቋረጥ አለ። ስለዚህ በሥራ ቀን አይውጡትም፤ እሑድ እሑድ ይውጣሉ። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ የግፊት መድኃኒት! ሐኪሙ «ይወስዳሉ?» ሲላቸው «አዎ» ይላሉ። ውሸት አልተናገሩም። ይወስዳሉ።

ይህን ያወጣው የጤና ጣቢያው ሐኪም ነው፣ የቀን ውሏቸውን ከጠዋት እስከ ማታ ሲያስተርካቸው። ኪኒኑን አምሎዲፒን ወደሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ለወጠላቸው። ያኛው ደግሞ እግር ያሳብጣል፤ ቀኑን ሙሉ እግር ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲውል ይብሳል። መጠኑ ተቀንሶ ሌላ ተጨመረበት። ይህ ሁሉ ሁለት ወር ፈጀ። ግፊቱ ወደ 140/85 ወረደ።

መዘግየቱ አናደደኝ፤ ጋሼ ግን ደስ ብሏቸው ነበር ብል አላጋነንኩም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለሸማኔ ተረት ብቻ አይደለም፣ የገቢ ዕቅድ ነው። ታኅሣሥ ላይ ዓይናቸው ታሽጎ ቢሆን የዓመቱን ገበያ ያጡ ነበር። እኛ ቀጠሮውን ስንይዝ ይህን ማንም አላሰበውም። ቀዶ ጥገናው የካቲት ላይ ተሠራ።

አጭር ነው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆዩም። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባ። በማግስቱ ሻሹ ሲነሳ እዚያው ነበርኩ። ጋሼ መጀመሪያ ያዩት የነርሷን ሹራብ ነው። ቀኝ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፣ አዩ። ግራውን ሸፈኑ፣ አዩ። እንደገና ደገሙት።

«በዚህኛው ሰማያዊ ነው» አሉ። «በዚያኛው አመድ።»

ከዚያ የራሳቸውን ነጠላ አዩት። ነጭ ነው ብለው ነበር የሚለብሱት። «እንዲህ ቢጫ ሆኖ ነው ለቅሶ ቤት የምሄደው?» ብለው ባለቤታቸውን ተቆጡ። ባለቤታቸው ሳቅ አፈናቸው፤ እኔንም።

ከዚያ የመጣው ወር ከበደ። ለአንድ ወር ያህል አቧራ፣ ከባድ ነገርና ማጎንበስ ክልክል ነው ተባሉ። የጥጥ ብናኝ የሚበንበት ቤት ውስጥ ነው የሚሠሩት። የሕክምናው ወጪ አላስጨነቃቸውም፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናቸው። ያስጨነቃቸው የቤት ወጪው ነው። የዕቁቡ ዳኛ ዕጣውን አስቀድሞ ሰጣቸው፤ ያ ረዳ። ሆኖም በ18ኛው ቀን ተመልሰው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቶ ሲመጡ ተቆጣሁ። በኋላ ሳስበው መቆጣቱ የእኔ ፋንታ አልነበረም። «ይህን ወር በምን ይበላሉ?» የሚለውን ከቀዶ ጥገናው በፊት የጠየቀ ሰው ከመሃላችን የለም። ደግነቱ መቅላቱ በጠብታ ለቀቀ።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር ልጨምር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሁለቱ ዓይኖች እኩል ቁጥር አልነበራቸውም። ለሥራው ርቀት ቀኙ 1.50፣ ግራው 1.00 ነው የሚፈልገው። ከመንገድ የሚገዛ መነጽር ሁለቱም መስታወት አንድ ቁጥር ነው። ስለዚህ አሁን በልክ የተሠራ መነጽር ያስፈልጋቸዋል፤ ከኪሳቸው ነው የከፈሉት።

ለሌላ ሰው የሚጠቅመው

የጋሼ ጉዳይ ሲበታተን ስድስት ሰባት ቁራጭ ሆነ፦ የመነጽር ቁጥር፣ የአምፖል ቦታ፣ ሞራ፣ የክር ቀለም፣ ግፊት፣ የሽንት ቤት ርቀት፣ የጉድጓድ ጥልቀት። አንዱም ለብቻው ሥራ አያስቆምም። ሲደማመሩ ግን «እርጅና» የሚል አንድ ትልቅ ግድግዳ ይመስላሉ። ለቤተሰብ የምለው፣ አባት ወይም እናት ሥራ ሲያቅታቸው «ምኑ ነው ያቃተው?» ብላችሁ እስከ መጨረሻው ዝርዝር ጠይቁ። በየትኛው ሰዓት? የትኛው ቀለም? ሲነሱ ነው ሲቀመጡ? ጋሼ ጋቢ መሥራት አላቃታቸውም ነበር፤ ጠዋትም አላቃታቸውም ነበር። ፍንጩ ሁሉ እዚያ ነበር።

ለሙያ አጋሮቼ የምለው ሜትር ያዙ ነው። ሰውየውን «ሥራዎ ምንድነው?» ማለት ብቻ አይበቃም። እጁ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ሰፊ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ሁሉም ርቀታቸው ይለያያል። ሰዓት ጠጋኝ በፕላስ 3 ደስተኛ ሊሆን ይችላል። ቤት ድረስ መሄድ ካልተቻለ ሰውየው ክሊኒኩ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሥራውን በባዶ እጁ ይሥራ፤ እጁ ርቀቱን ያውቀዋል። ከመንገድ መነጽር የሚገዛ ሰውም አይሰደብ። ቁጥሩ ገጥሞ ከተገዛ ቅርብን ለማየት ይበቃል። ችግሩ መንገድ ላይ ግፊት የሚለካ፣ ሞራ የሚያይ አለመኖሩ ነው። ጋሼ 8 ዓመት ሙሉ መነጽር ገዝተዋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓይናቸውን ያየ ባለሙያ የለም።

መነጽር የቅንጦት ነገር ለሚመስለው ሰው ሁለት ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በሕንድ አሳም ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሻይ ለቃሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት የቅርብ መነጽር የተሰጣቸው ሰዎች ምርት ካልተሰጣቸው በ21.7 በመቶ በልጦ መገኘቱን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከባንግላዲሽ፣ ሸማኔዎችንና ልብስ ሰፊዎችን ጨምሮ በተለያየ የእጅ ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች፣ በ8 ወር ውስጥ መነጽር ያገኙት ገቢያቸው በሲሶ ገደማ ከፍ ማለቱ ተዘግቧል። ሁለቱም ተራ የቅርብ መነጽር ነው። በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. በተሠራው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ደግሞ የዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ከሞራ የመጣ ነው፤ ማለትም በቀዶ ጥገና ሊመለስ ከሚችል ነገር።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ የጤናማ እርጅና አሥርት ዓመት ብሎ ሰይሞታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሰውን የመሥራት ችሎታ ሲተረጉም አካሉን ብቻ ሳይሆን አካባቢውንም ይጨምራል። ወረቀት ላይ ስታነቡት ደረቅ ነው። ሽሮ ሜዳ ስትሄዱ ግን አካባቢ ማለት አንድ አምፖልና ክዳን ያለው ጣሳ ነው።

መቶ በመቶ እንደ ድሮው አልሆኑም፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። የጉልበታቸውን ሕመም ምንም አላደረግንለትም፤ ደረጃው ያግዛል እንጂ አያድንም። በጣም ስስ በሆነው ክር ላይ፣ መነን በሚባለው፣ ጥለት መሥራት አቁመዋል። ራሳቸው ናቸው የተዉት። ቀኝ ዓይናቸውም በሚቀጥሉት ዓመታት ተራው ይደርሳል።

አሁን

ጋሼ ጥለት የሚሠሩት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው፣ ፀሐይ በበሩ ስትገባ። ከሰዓት ጋቢ ይሠራሉ ወይም ልጃቸውን ይቆጣሉ። 7 ቀን ይፈጅ የነበረው ጥለት 5 ቀን ሆኗል። አራት አልሆነም። ለፋሲካ ያንኑ ነጋዴ ጥለት አስረከቡት። ነጋዴው አሁንም ደጅ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ዘረጋው። ጋሼ «እኔም ፀሐይ ላይ አይቼዋለሁ» አሉት።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩ ዕለት ባለቤታቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ፊታቸው አስጠግተው ያነብቡ ነበር። ዓይናቸው ላይ ያ አንድ እግሩ በክር የታሰረ መነጽር አለ። ፕላስ 3።

«እትዬ፣ ይሄንን ጣሉት ብዬ አልነበር?»

«ለሱ ነው እንጂ የማይሆነው፣ ለኔማ ልክ ነው» አሉኝ፣ ከመጽሐፉ ቀና ሳይሉ።

ሜትሩን አውጥቼ ለካሁ። 33 ሳንቲ ሜትር። ግን የእሳቸውን ዓይን እስካሁን ማንም አይቶት አያውቅም። ለሐሙስ ቀጠርኳቸው።